ለእናታችሁ ስልኩን ሰጣችኋቸው፤ አጠቃቀሙንስ ማን ያስተምራቸው?

ዛሬ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ስልክ ላወራችሁ ነው። ታገሱኝ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጤና ላይ ነው የሚያርፈው።

በቅርቡ ለዓመታት የማውቃቸው አንዲት የደም ግፊት ታካሚዬ ለክትትል መጡ። ዕድሜያቸው የስልሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ስለካቸው 190/110! ትንሽ አሳርፌ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

«እማማ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?»

«ተውኩት እኮ ልጄ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

«ምነው?»

«ዩቲዩብ ላይ ሐኪሞቹ ሁሉ ኪኒኑ ኩላሊት ይጨርሳል፣ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ይበቃል ይላሉ። ኪኒን ዋጪ የምትለኝ አንተ ብቻ ነህ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ከአረብ አገር ስልክ ላከችላቸው። የልጅ ልጃቸው ደግሞ «ይቺን ስትነኪያት ይከፈታል» ብሎ ዩቲዩብን አሳያቸውና ሄደ። ትምህርቱ በቃ ይሄው ነው።

ስልካቸውን አብረን አየነው። መጀመሪያ የከፈቱት ጎረቤት የላከችላቸውን የነጭ ሽንኩርት ቪዲዮ ነበር። ዩቲዩብ ደግሞ ሰው ያየውን ተከትሎ ተመሳሳዩን ነው የሚያቀርበው። ሁለተኛውም ነጭ ሽንኩርት፣ ዐሥረኛውም ነጭ ሽንኩርት። እሳቸው «ሐኪም ሁሉ ተስማማ» ብለው አመኑ። የተስማማው ግን ሐኪም አይደለም፤ ስልኩ ነው አንዱን ወሬ ደጋግሞ ያመጣላቸው።

እውነቱ ምንድን ነው? ኩላሊትን የሚጎዳው ቁጥጥር ያጣው የደም ግፊት ራሱ ነው። መድኃኒቱን የምናዝዘው ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ለመጠበቅ ነው። ክትትል የሚፈልጉ መድኃኒቶች አሉ፤ የኩላሊት ምርመራ የምናዝዘውም ለዚሁ ነው። ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ይጣፍጣል፤ የኪኒን ምትክ ግን አይሆንም።

ይህን ሳወራ «እንግዲያው ስልኩን ቀሟቸዋ!» የሚለኝ አለ። እኔ አልስማማም። እኔ ወረፋ እየጠበቀኝ የሰጠኋቸው አምስት ደቂቃ ነው። ቪዲዮው ግን ሳይቸኩል፣ በሚገባቸው ቋንቋ ግማሽ ሰዓት አወራቸው። ማንን ይስሙ? ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ዩቲዩብ ላይ የመጀመሪያው ቪዲዮ የተጫነው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እማማ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ ክፍል አስገብቶ ያስተማራቸው ማንም የለም። ስልክ ገዝቶ መስጠት ግማሽ ስጦታ ነው፤ ሌላው ግማሽ አብሮ ተቀምጦ ማስተማር ነው።

ታዲያ ምን እናስተምራቸው?

1. የመጣላቸውን ሳይሆን የመረጡትን እንዲያዩ። ባለሙያነታቸውን ያረጋገጣችሁትን ሁለት ሦስት ቻናል ሰብስክራይብ አድርጉላቸው። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይቀጥል «አውቶፕሌይ» የሚለውን አጥፉላቸው። የማይረባ ቪዲዮ ሲመጣ ጎኑ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው «አልፈልግም» ማለት እንደሚቻል አሳዩዋቸው።

2. ሦስት ጥያቄ እንዲለምዱ። የሚያወራው ማን ነው? የት ነው የሚሠራው? መጨረሻ ላይ የሚሸጠው ነገር አለ? ነጭ ጋዋን ከገበያም ይገዛል። «ይህን ዱቄት ለማዘዝ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ከመጣ፣ ያዩት ማስታወቂያ ነው።

3. ፖድካስትን እንዲሞክሩ። ፖድካስት ማለት በፈለጉት ሰዓት የሚከፍቱት የሬዲዮ ፕሮግራም ማለት ነው። ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ጫኑላቸው። ቡና ሲቆሉ፣ ሽሮ ሲለቅሙ ያለ ዳታ ያደምጡታል። ማንበብ ለሚያስቸግራቸውና ዓይናቸው ለደከመ በጣም ጥሩ ነው።

4. ኮሜንት ላይ ስልክ ቁጥራቸውንና በሽታቸውን እንዳይጽፉ። «ዶክተሩ ነኝ፣ መድኃኒት ልላክልዎ» ብሎ የሚደውል አጭበርባሪ ሞልቷል።

5. ከሁሉም በላይ ደግሞ፦ በቪዲዮ ምክንያት መድኃኒት አይጀመርም፣ መድኃኒት አይቆምም! የእኔን ቪዲዮ ጨምሮ። የሰሙትን ይዘው ሐኪማቸው ዘንድ ይምጡ።

ለሙያ አጋሮቼም አንድ ቃል አለኝ። «ሕዝቡ የማይሆን ነገር ይሰማል» እያልን ማማረር ብቻ አይበቃም። እኛ ዝም ያልንበትን ቦታ ሌላው ነው የሚሞላው። ታካሚው ያየውን ሲነግረን ደግሞ አንቆጣ። ከተቆጣነው፣ በሚቀጥለው ኪኒኑን አቁሞም አይነግረንም።

እማማ መድኃኒታቸውን ጀምረው በሁለት ሳምንታቸው ተመለሱ። ግፊታቸው ወርዷል። ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡና፣ «ልጄ፣ ይሄኛውስ ሰውዬ እውነቱን ነው?» አሉኝ። ስለ ጨው መቀነስ የሚያወራ ቪዲዮ ነበር። እውነቱን ነው አልኳቸው። አብረን ጨርሰን አየነው።

እናንተም በዚህ እሑድ ቡና ሲፈላ ከእናት ከአባታችሁ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። በመጀመሪያ ግን ይህን ጠይቋቸው፦ «ሰሞኑን ስልክ ላይ አይታችሁ ያቆማችሁት መድኃኒት አለ?»

መልካም ጤና!