የለገሃር ግንብ ብቻውን አይናገርም

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በጉርድ ሾላ አካባቢ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሰፈሬ ተሳፍሬ ብዙ ጊዜ ወደ ለገሃር ወርጃለሁ። በወረድሁ ቍጥር አሮጌውን ጣቢያ አይቼ የሚሰማኝን ዐሳብ ለአንባቢዎች ለማካፈል ስለ ፈለግሁ፥ ይህች አጭር ማስታወሻ በዓምዳችሁ እንድትወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው፥ ዛሬ እንግዳ የሚቀበለውና መንገደኛ የሚሸኘው በእኛ በኩል ያለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከዚያ በፊት ግን የአገሪቱ በር ለገሃር ነበር፤ ስሙም ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲኾን «ጣቢያው» ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጥተው፥ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እስከ ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. እስከ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ ከጅቡቲ ጀምሮ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬዳዋን ያቀናት ይኸው ባቡር ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ነው።

መሥመሩ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ በኾነ ሐዲድ ላይ እያረጀ ሄዶ፥ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ጕዞ ተቋረጠ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ቦታውን ተክቷል፤ ይህም የሚያስደስት ነው። ኾኖም አዲሱ ባቡር ጭነቱን ተረከበ እንጂ ትዝታውን አልተረከበም።

ትዝታውን የያዙት ጥቂቶች ናቸው። በድሬዳዋ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞች በአሮጌው ወርክሾፕ የቀሩትን መኪናዎችና ፉርጎዎች ለጐብኚ ያሳያሉ። ሁግ ፎንቴን የተባለ ፈረንሳዊም ስለዚሁ ባቡር ፎቶግራፍ የበዛበት መጽሐፍ አዘጋጅቷል። እኛስ ምን አደረግን?

በ2011 ዓ.ም. ይፋ በኾነው የለገሃር የልማት ዕቅድ፥ የጣቢያው ሕንፃ በቅርስነት እንደሚጠበቅ ተነግሯል። መልካም ነው። ነገር ግን ግንብ ብቻውን አይናገርም። በጣቢያው ፊት ለፊት የቆመውን የአንበሳ ሐውልት ፋሽስቶች ወደ ሮም ወስደውት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። ነሐስ ቢዘረፍ ይመለሳል፤ አንድ አዛውንት የባቡር ነጂ ይዞት ወደ መቃብር የወረደውን ግን ማን ይመልሰዋል?

እኔ በመዝገብ ቤት ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። መሥሪያ ቤት ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲዛወር ወንበሩና ጠረጴዛው እየተቈጠረ ይጫናል፤ አሮጌው ፋይል ግን «ቦታ ያጣብባል» ተብሎ በየጓዳው ይወድቃል። የባቡሩም ነገር እንዲህ እንዳይኾን እሰጋለሁ።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የቀሩት የባቡር ሠራተኞች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው በድምፅ ይቀረጽ። ሁለተኛ፥ የደመወዝ መዝገቡ፥ የሰዓት ሰሌዳው፥ የቲኬቱ ቍራጭ፥ የደንብ ልብሱ ከየቤቱና ከየመሥሪያ ቤቱ ይሰብሰብ። ሦስተኛ፥ ለዚሁ በለገሃር ጣቢያ ውስጥ አንድ ክፍል ይሰጥ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መፍጠን ነው። ሐዲዱ ይቈያል፤ ሰዎቹ ግን አይቈዩም።

አባቱ ወይም አያቱ በምድር ባቡር ያገለገለ አንባቢ ቢኖር፥ ዛሬውኑ ሣጥኑን ከፍቶ ይመልከት።

ከአክብሮት ጋር፥
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከጉርድ ሾላ