ቁልቁሊት የተሰቀለው ሰው

በጥንቆላ አላምንም። የታሮት ካርታ ዘርግቶ የነገን ዕጣ እነግራለሁ የሚለውም፣ ስኒ ገልብጦ አተላ የሚያነበውም ለእኔ አንድ ናቸው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የታሮት ካርታ ልጽፍ ተነሥቻለሁ፤ ካርታው ስለ ነገ ምንም ባይነግረኝም፣ ስለ ትናንት ያሳፈረኝን ነገር አስታውሶኛልና።

ካርታው በተርታው 12ኛው ሲሆን «የተሰቀለው ሰው» ይባላል። አንድ ወጣት በአንድ እግሩ ታስሮ ቁልቁሊት ተንጠልጥሏል፤ ሌላው እግሩ ታጥፏል፤ ፊቱ ላይ ግን ሥቃይ አይነበብም። የዘመናችን ካርታ ገላጮች ትርጉሙ ትዕግሥት፣ ራስን መሠዋት፣ ዓለምን ከሌላ አቅጣጫ ማየት ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ በታተመው፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በሣለችው ዕትም እንዲያውም በራሱ ዙሪያ እንደ ቅዱሳን ሥዕል የብርሃን አክሊል አለ።

የቀድሞ ትርጉሙ ግን ይህ አልነበረም። ታሮት በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣሊያ ሲጀመር የመኳንንት መጫወቻ እንጂ የጥንቆላ ዕቃ አልነበረም፤ የዚህ ካርታ ሌላው ስምም «ከሃዲው» ነበር። በዚያ አገር ከተሞች ከዳተኛ የተባለ ሰው፣ በተለይም ሸሽቶ ያመለጠ እንደሆነ፣ ምስሉ በአደባባይ ግድግዳ ላይ በእግሩ ተሰቅሎ ይሣል ነበር። ስለዚህ ካርታውን ያየ ሁሉ፣ ማንም ሳይነግረው፣ የተሰቀለው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያውቅ ነበር።

የሚደንቀው ቀጣዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1412፣ ለጵጵስናው መንበር ከሚፎካከሩት ሦስት ሰዎች አንዱ የነበረው ዮሐንስ 23ኛ፣ ሙዚዮ አተንዶሎ ስፎርዛ የተባለውን የጦር አለቃ «ከዳኝ» ብሎ በቀኝ እግሩ ተሰቅሎ ሮም ውስጥ አስሣለው። በ1450 የዚሁ «ከሃዲ» ልጅ ፍራንቼስኮ የሚላን መስፍን ሆነ። እስከ ዘመናችን ከደረሱት ጥንታዊ የታሮት ካርታዎች ዝነኞቹ በዚሁ ቤት ስም ይጠራሉ፤ የተሰቀለውም ሰው ከመካከላቸው አለ። ፍሎሬንስም ከዚህ የተለየች አልነበረችም። በ1478 በሜዲቺ ቤት ላይ ያሤሩትን ሰዎች ቦቲቼሊ ተሰቅለው በአደባባይ ሣላቸው፤ በ1494 ሜዲቺዎች ሲባረሩ ሥዕሉ ተነሣ። ሰዎቹ ያደረጉት ነገር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ብሩሹን የያዘው እጅ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። «ባንዳ» የሚለው ቃላችን ከዚያው ከኢጣሊያ የመጣ ነው። በወረራው ዘመን ከጠላት ጎን ተሰልፎ ወገኑን የወጋ ሰው ስም ነበርና፣ ያኔ ቃሉ የሚያመለክተው ድርጊት ነበረው። ወረራውን ያዘዘው ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1945 በዚያችው በሚላን አስከሬኑ ቁልቁሊት ተሰቀለ፤ ቃሉ ግን እኛ ዘንድ ቀረ። ደርግ «አናርኪስት» አለ፤ ኢሕአዴግ «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ» አለ፤ ተቃዋሚውም «ባንዳ» ብሎ መለሰ፤ በ2013ቱ ጦርነት ደግሞ «ጁንታ» ተጨመረ። ግድግዳችን ሥዕል አጥቶ አያውቅም።

ከሠዓሊዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ቅንጅት ፓርላማ ይግባ አይግባ በሚባልበት ሰሞን፣ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ «እንግባ፤ ጥቂትም ቢሆን ከውስጥ እንታገል» አለ። ሰው እየሰማ «ባንዳ!» አልሁት። አልመለሰልኝም፤ የሁላችንንም ቡና ከፍሎ ወጣ። ማን ትክክል እንደነበረ ዛሬም ልንከራከር እንችላለን። እርሱ ግን አገሩን አልሸጠም፤ ከእኔ የተለየ ሐሳብ ነበረው እንጂ። ኢጣሊያኖቹ ምስሉን የሚሰቅሉት ሰውየውን መያዝ ሲያቅታቸው ነበር፤ እኔም ጓደኛዬን የሰቀልሁት ክርክሩን መርታት ሲያቅተኝ ነው።

«ታዲያ ከሃዲ የሚባል የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አለ። ነገር ግን ክህደት በማስረጃ የሚረጋገጥ ድርጊት ነው። ዳኛ ፊት የቆመ ሰው መልስ ይሰጣል፤ ግድግዳ ላይ የተሣለ ግን አፍ የለውም። ደግሞስ ሁሉ ባንዳ ከተባለ፣ እውነተኛው ባንዳ በምን ይለያል?

እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ፣ ይህ ካርታ በስሕተት ተገልብጦ የተሣለ ነው ብሎ ጻፈ። ቢቃና፣ ሁለተኛ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የሚያስብ አስተዋይ ሰው ነው አለ። በታሪኩ ተሳስቷል። ምክሩ ግን ለእኛ ይበጃል፦ ሰውን ከመስቀላችን በፊት ካርታውን አንድ ጊዜ ገልብጠን እንየው።

አንተ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብህ፣ የዚያን ቀን ቡና ዕዳ አለብኝ። ይቅርታም ጭምር።

ቸር ያሰንብተን።