በአማርኛ የሚታዘዝ ጨዋታ ይሠራልን

«20ኤች 100ኤም 83ቪ»። ስክሪኑ ግርጌ ላይ ይህ ብቻ ተጽፎ ሲያዩ፣ እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ የማስተምራቸው ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «መምህር፣ ተበላሸ እንዴ?» ብለው ነው። አልተበላሸም፤ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የቀረ ሕይወት ነው። ሁለተኛው ለአስማት የሚውል ኃይል ሲሆን ሦስተኛው ለመንገድ የቀረ ጉልበት ነው። ጉልበቱ ካለቀ ተጫዋቹ ማረፍ አለበት፤ «ሰሜን» ቢል ንቅንቅ አይልም። ይህች መስመር የገባችው ልጅ ጨዋታው ግማሽ በግማሽ ገብቶታል።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ መድ ይባላል። ሥዕል የለውም። ያሉበትን ቦታ በጽሑፍ ይነግራል፣ መውጫዎቹን ይዘረዝራል፣ እዚያው ቦታ የቆመ ሌላ ተጫዋች ካለ ስሙን ያሳያል። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾው ጀመረው፤ ሪቻርድ ባርትል ቀጠለበት። እኔ የማጫውተው ሰርክል መድ፣ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሠሩት ከዲኩ መድ የወጣ ነው።

ያረጀ ነገር ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ለእኛ አገር የተሠራ ይመስለኛል። በ2015 ክረምት በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በኢንተርኔት የሚሠራ ሁሉ ቆመ። ይህ ጨዋታ ግን አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር አድርጎ፣ ሌሎቹን በኬብል አገናኝቶ፣ በፖርት 4000 ሲገቡበት ይሠራል። መብራት እስካለ ድረስ አሮጌ ማሽን ይበቃዋል። ማየት ለተሳናቸውም ቢሆን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ካለ በር ክፍት ነው፤ በውጭ አገር ዓይነ ስውራን ይህን ዓይነት ጨዋታ አጥብቀው የሚወዱት ለዚህ ነው።

«ልጆቹ የሚፈልጉት ትምህርት ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» ለሚሉኝ ባልደረቦቼ መልሴ አጭር ነው፦ ኪቦርድ ላይ ፊደል ለቅሞ የሚጽፍ ልጅ ጓደኛው ከጨዋታው ገበያ እየጠራው ሲሆን እንዴት እንደሚፈጥን መጥታችሁ እዩ። ሳያነብ መራመድ ስለማይችል ያነባል።

የሚያሳዝነኝ የሚያነበው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ትእዛዞቹን በቶሎ ይይዛል፤ የቦታው መግለጫ ላይ ሲደርስ ግን ይዘለዋል። የጨዋታው ነፍስ ያለው እዚያ መግለጫ ውስጥ ነው።

ታዲያ ወደ አማርኛ ማምጣት ቃላት መቀየር ብቻ አይደለም። ፕሮግራሙ ትእዛዝ የሚፈልገው በመጀመሪያው ቃል ላይ ነው። «መብራቱን አንሳ» ብንለው «መብራቱን» የሚባል ትእዛዝ ሲፈልግ ይቆያል። አንዷ ልጅ «አንሺ» ብትል፣ ሌላው «አንሣ» ብሎ ቢጽፍ ሁሉንም አንድ አድርጎ መቀበል አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ፦ የድሮው ኮድ ከላቲን ፊደል ውጭ የተጻፈውን ይጥለዋል። ፊደላችን በዩኒኮድ ከተመዘገበ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህን ማስተካከል የማይቻል ነገር አይደለም። ኮዱም ለማንም ክፍት ነው።

ልጆቻችን እንዲህ ላለው ጨዋታ እንግዳ አይደሉም። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይላሉ፤ መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ የተሰጠውም አገር ተሂዶበት ይወራለታል። ተራ አለው፣ የተወሰነ ትእዛዝ አለው፣ በቃል ብቻ የሚሠራ ዓለም አለው። እሱን የሚችል ልጅ ሰርክል መድን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነው፤ ለሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁ። ለመመረቂያ ሥራችሁ ይህን ውሰዱት። ትእዛዝን ከመጨረሻው ቃል የሚያነብ፣ ፊደላችንን የማይጥል፣ ግርጌው ላይ «ሕይወት 20፣ ኃይል 100፣ ጉልበት 83» ብሎ በግልጽ የሚጽፍ ጨዋታ ሥሩልን። የቦታዎቹን መግለጫ እኔና ተማሪዎቼ እንጽፋለን። መነሻው የመካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ይሁን፤ በሰሜን ወደ ደብረ ታቦር፣ በደቡብ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያስወጣ፤ ጉና ተራራ ላይ ለሚወጣም ጉልበቱ በቶሎ የሚያልቅበት።