መልክና ግብር በትርኢት አውቶሞቢሎች ላይ

ስለ አሜሪካ አውቶሞቢሎች ንድፍ የሚጽፉ ሰዎች በ1962 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) በሕዝብ ፊት የቀረቡትን ሁለት የትርኢት መኪናዎች፣ ይኸውም የሼቭሮሌን ኮርቬር ሞንዛ ጂ.ቲ.ና የፎርድን ሙስታንግ አንድ ሲያወዳድሩ፣ ፍርዱን ለዓይን ብቻ ይተዋሉ። የትኛው መስመር ይበልጥ ያምራል? የትኛው አፍንጫ ይበልጥ ይሾላል? እያሉ ይከራከራሉ። እኛ ይህን አፈራረድ አንቀበለውም። አውቶሞቢል ሐውልት አይደለም፤ ሰው ተቀምጦበት የሚሄድበት ነገር ነውና፣ በአካሉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቀዳዳና እጥፋት ለምን እንደ ተሠራ ሊጠየቅ ይገባዋል።

በመስመር ውበት ከሆነ ክርክር የለንም፤ ሞንዛ ጂ.ቲ. ይበልጣል። በቢል ሚቸል የበላይ ተመልካችነት ላሪ ሺኖዳና ቶኒ ላፒን የነደፉት ይህ መኪና በጁን 1962 በኤልካርት ሌክ የእሽቅድምድም ስፍራ ሲታይ፣ ከፍታው ከአንድ ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ያለ አንዳች መቋረጥ የሚፈስ ነበር። ነገር ግን በር የለውም። ሊገባበት የሚፈልግ ሰው ጣራውንና የፊቱን መስተዋት በአንድነት ወደ ፊት ማንሣት አለበት። በዝናብ ቀን ወንበሩ ይርሳል ማለት ቀልድ ይመስል ይሆናል፤ መኪናው ቢገለበጥ መግቢያው ከመሬት ጋር ተጣብቆ እንደሚቀር ማሰብ ግን ቀልድ አይደለም። ምናልባት ነዳፊዎቹ ያንን ያማረ መስመር በበር ስንጥቅ መቁረጥ አሳዝኗቸው ይሆናል። ለመስመር ማዘን የሚመሰገነው ለተሳፋሪው ከታዘነ በኋላ ነው።

ሙስታንግ አንድ በኦክቶበር 1962 በዋትኪንስ ግሌን ዝነኛው ተወዳዳሪ ዳን ገርኒ እየነዳው ሲዞር ታየ። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ አንድ ሊትር ተኩል የሆነ ባለአራት ሲሊንደር ሞተሩን ከነጂው በስተኋላ ያደረገ ትንሽ መኪና ነው። በሁለቱም ጎኑ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ለፊት፣ አፋቸውን የከፈቱ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጌጥ ግን አይደሉም፤ አየር በእነርሱ ገብቶ በየጎኑ ያሉትን ራዲያተሮች ያቀዘቅዛል። ወንበሮቹም ከአካሉ ጋር አንድ ሆነው ስለ ተሠሩ ያጠነክሩታል፤ ወንበሩ ስለማይንቀሳቀስ ወደ ነጂው የሚቀርቡት ፔዳሎቹ ናቸው። ቅርጹ ደረቅ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ደረቅም ቢሆን ስለ እያንዳንዱ ክፍሉ ለሚጠይቀው መልስ አለው።

ይህን ስንል ለፎርድ ኩባንያ ጠበቃ መቆማችን አይደለም። በዚያው ዓመት በሲያትል የዓለም ትርኢት ላይ ባለስድስት ጎማውን፣ አንድ ቀን በአቶሚክ ኃይል ሳይቀር ይሄዳል የተባለለትን ሲያትላይትን ያቀረበው እርሱ ራሱ ነው። የቀረበው ግን ከእውነተኛው መጠን ከስምንቱ እጅ ሦስቱን ብቻ የሚያክል ምስል ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

ወደ ዋናው ክሳችን እንመለስ። ሞንዛ ጂ.ቲ. ሞተሩን ከኋላው አክስል ወደ ፊት አምጥቶ፣ ክብደቱን ወደ መካከል ሰብስቦ ነበር። ለሕዝብ የተሸጠው ኮርቬር ግን ከ1960 ሞዴል አንሥቶ በ1969 መሠራቱ እስኪቀር ድረስ ሞተሩን ከአክስሉ በስተኋላ ተሸክሞ ኖረ። ራልፍ ናደር በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለዚህ መኪና የኋላ አሠራር መስጠቱ የታወቀ ነው። በ1972 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት የምርመራ ውጤት ኮርቬር ከዘመን ጓደኞቹ የከፋ አልነበረም ብሎ እንደ ፈረደለትም አንሸሽግም። የእኛ ነገር ከዚያ ፍርድ ጋር አይወድቅም። ሞንዛ የተባለ ኮርቬር በየሱቁ ይሸጥ ነበር፤ ገዢው በትርኢቱ መድረክ ያየውን ስም ገዛ እንጂ አሠራሩን አልገዛም።

የትርኢት መኪና የሐሳብ መሞከሪያ ነው፣ ቃል ኪዳን አይደለም የሚል ይመጣብን ይሆናል። እንግዲያስ ስሙ ለምን በገበያ ከሚሸጠው መኪና ጋር አንድ ሆነ? ለሙከራ ብቻ የተሠራ ነገር የሻጭ ስም አያስፈልገውም ነበር።

ፎርድም ከዚህ ክስ አያመልጥም። በአፕሪል 1964 ለገበያ የወጣው ሙስታንግ ሞተሩ ከፊት፣ ወንበሩ አራት፣ ከሥር ያለው አሠራሩም አብዛኛው ከፋልከን የተወሰደ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ400,000 በላይ ተሸጠ። ራዲያተሩ ወደ አፍንጫው ስለ ሄደ በጎኑ አየር የሚፈልግ ነገር አልቀረም፤ ሆኖም ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት፣ የቀድሞው ቀዳዳ በነበረበት ስፍራ፣ ቀዳዳ መስሎ የተሠራ ጌጥ ተለጠፈበት። አንዳች ነፋስ አይገባበትም።