ጠባቂያችን ሰላይ እንዳይሆን



ቤታችንን ከሌባ ለመጠበቅ ካሜራ መግጠም መብታችን ነው። ነገር ግን ቤት እህቶቻችን ሂጃባቸውን የሚያወልቁበት፣ ስለ ትግላችንም የምንመካከርበት የተከበረ ስፍራ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የ«ሪንግ» ካሜራ ኩባንያ ሠራተኞች የደንበኞችን የግል ቪዲዮ ያዩ ነበር ሲል ከሰሰ፤ ኩባንያውም 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ስለዚህ ምስሉን በኢንተርኔት ወደ ኩባንያ የሚልከውን ትተን፣ እቤት በሚቀር ሜሞሪ ካርድ የሚቀዳውን እንምረጥ። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል እንቀይር። ካሜራው በራችንን እንጂ የጎረቤትን ግቢ አይመልከት። ሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 12 ስለላን የከለከለው እኛንም ጭምር ነው። መስጂዳችን ሲሰለል የምንቃወም እኛ ጎረቤታችንን ብንሰልል በምን አፋችን እንከራከራለን?

አላሁ አክበር!