ከቱቦው ሥር የታተመው ሰነድ፦ የጥንት እንግሊዝ ሠራሽ ጠመንጃዎችና የአሶሳ ታሪክ

ስለ ቤኒሻንጉል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ የሚጽፉ ተመራማሪዎች በተለመዱ ምንጮች ላይ ይደገፋሉ፦ በአውሮፓውያን ተጓዦች ማስታወሻ፣ በካርቱምና በለንደን መዛግብት፣ በአረጋውያን ቃል። ጠመንጃው ራሱ ግን እንደ ምንጭ እምብዛም አይነበብም። ወርቅና ባሪያ ከዚህ ምድር ወደ ሱዳን በወጡበት መንገድ ጨርቅና የጦር መሣሪያ ሲገባ ኖሯል። የግብፅ ጦር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ እስከ ፋዞግሊ የዘለቀው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ዘመቻ አካባቢውን ለዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሲያስገብር፣ ከዚያም የሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን ኃይል በአሶሳ ሲጸና፣ ከወርቁ ጎን ጠመንጃ ነበር። ወርቁ በግብር ሂሳብ ተጽፏል፤ ስለ ጠመንጃው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

ለዚህ ንባብ ባለ ሁለት አፈሙዙ እንግሊዝ ሠራሽ የአደን ጠመንጃ የተለየ ጥቅም አለው። ለወታደር የሚታደል ጠመንጃ በሺህ የሚቆጠሩ መንትዮች አሉት፤ ሰናድርን ከሰናድር መለየት አስቸጋሪ ነው። ጥሩ ባለ ሁለት አፈሙዝ ግን አንድ በአንድ፣ ብዙ ጊዜም በገዢው ትእዛዝ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ወደ አካባቢው መድረሱ ደግሞ ግምት አይደለም። እንግሊዛዊው አዳኝና አሳሽ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና 1862 ከኢትዮጵያ በሚወርዱት በአትባራ፣ በሰቲት፣ በራሃድና በዲንደር ወንዞች ዳርቻ ሲዘዋወር፣ በለንደኑ ሬይሊ የተሠሩ ቁጥር 10 ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎችን ይዞ ነበር። ቁጥሩ የስፋት መለኪያ ነው፤ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ እኩል ክብደት ያላቸው አሥር ድቡልቡል ጥይቶች ቢወጡ፣ አንዱ በቱቦው ልክ ይሆናል ማለት ነው። በተለመደው ቁጥር 12 ይህ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል።

የአሠራሩ ረቂቅነት የሚታየው በጌጡ ሳይሆን በሁለቱ ቱቦዎች መገጣጠም ላይ ነው። በጥንቱ ሥራ ቱቦው ከአንድ ብረት አይቦረቦርም። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች በአንድነት ተጠምዝዘው፣ በዘንግ ዙሪያ ተጠምጥመው፣ በእሳት ግለው እየተቀጠቀጡ ይጣበቃሉ፤ በላዩ ላይ የሚታየው የደማስቆ ጥልፍ መሳይ ንድፍ የዚህ ጥምዝ አሻራ ነው። ከዚያ ሁለቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን ይበየዳሉ። ትይዩ አይደሉም፤ ወደ ፊት እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። የቀኙ ቱቦ ሲተኮስ ጠመንጃውን ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ስለሚገፋው፣ ትይዩ ቢሆኑ ኖሮ ጥይቶቻቸው በተለያየ ስፍራ ባረፉ ነበር። በተለይ ነጠላ ጥይት በሚተኩሰው፣ ውስጡ ጥምዝ ቦይ ባለው ዓይነት ባለሙያው ይተኩሳል፣ ብየዳውን አሙቆ ቱቦውን ጥቂት ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና ይተኩሳል። ሁለቱ በአንድ ስፍራ እስኪመቱ ይህን ይደጋግማል። የመዝጊያውን ልክ የሚፈትነው ደግሞ በኩራዝ ጥላሸት ነው። ብረቱን በጥላሸት ቀብቶ ይገጥመዋል፤ ጥላሸቱ የታተመበትን ከፍታ በሞረድ ይነካዋል፤ ጥላሸቱ በሙሉው ገጽ እኩል እስኪያርፍ ድረስ አያቆምም።

በውስጡ ሁለት ምላጭና ሁለት የተኩስ መሣሪያ አለ። አንዱ ቢከሽፍ ሌላው ይሠራል፤ ለዝሆን አዳኝ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነበር። (ቤከር በዚያው ጉዞ ያደነቃቸው የሐምራን አዳኞች ዝሆንን በሰይፍ ብቻ ይገጥሙ እንደነበር ሲታሰብ፣ ይህን ዋስትና የፈለገው እንግዳው ብቻ እንደነበር ይገባል።) እ.ኤ.አ. በ1875 በበርሚንግሃም የአንሰንና የዲሊ ፈጠራ ቱቦው ሲታጠፍ ምቱ ራሱ እንዲወጠር ካደረገ በኋላ፣ በጎን የሚታየው የምት መዶሻ ከብዙ ጠመንጃዎች ጠፋ። ስለዚህ መዶሻ መኖሩ ወይም አለመኖሩ የዘመን የመጀመሪያ ፍንጭ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ፍንጭ ቱቦዎቹ ሲነጠሉ ከሥራቸው ይታያል። በእንግሊዝ አገር ማንኛውም ቱቦ ከመሸጡ በፊት ከልክ በላይ በሆነ ባሩድ ተፈትኖ ማኅተም ይመታበታል፤ የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 በንጉሣዊ ቻርተር፣ የበርሚንግሃሙ መፈተኛ ቤት በ1813 በሕግ ተቋቁመዋል። ማኅተሞቹ በየጊዜው ተለዋውጠዋል። ለምሳሌ አፈሙዙ የጠበበ ቱቦ ላይ «ለድቡልቡል ጥይት አይሆንም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚመታው ከ1875 እስከ 1887 ብቻ ነበር። ይህን ማኅተም የያዘ ቱቦ የተፈተነበት ዘመን በ12 ዓመት ውስጥ ታወቀ ማለት ነው፤ ይህን ያህል የሚያጠብ የቃል ትውፊት ብዙ አይገኝም።

በተቃራኒው ደካማው ምስክር በቱቦዎቹ መካከል በጉልህ የተቀረጸው የሠሪ ስም ነው። በቤልጅግ የሊዬዥ ከተማ የተሠሩ ርካሽ ጠመንጃዎች የታወቁ እንግሊዛውያንን ስም የሚመስል ስም ተቀርጾባቸው በዓለም ዙሪያ ተሽጠዋል። ስሙን ብቻ አይቶ «የእንግሊዝ መንግሥት ስጦታ ነው» ብሎ መጻፍ የታሪክ ስሕተት ይወልዳል። የሊዬዥ ማኅተም ከተገኘ ግን ታሪኩ ከዲፕሎማሲ ወደ ንግድ ይዞራል፤ ያም ከስጦታው ያላነሰ ቁም ነገር ነው።

በአካባቢው ብዙ ደም በፈሰሰበት በዚህ ዘመን፣ ስለ ጠመንጃ ውበት መናገር ለመተከልና ለካማሺ ሐዘንተኛ እንደ ስላቅ ሊቆጠር ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሆኖም እዚህ የሚጠየቀው መሣሪያው በሰው እጅ እንዲቆይ አይደለም፤ እንዲያውም ዕውቀቱ የሚመክረው ተቃራኒውን ነው። የጥንቱ እንግሊዝ ቁጥር 12 ጠመንጃ ጎሬው 65 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የዛሬው 70 ሚሊ ሜትር ጥይት ሳይተኮስ አጠር ያለ ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የቀለሁ አፍ የሚዘረጋበት ስፍራ አጥቶ ግፊቱን ያንራል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ፣ ውስጡ በዝገት የተበላ ጥምዝ ቱቦ በዚህ ግፊት በተኳሹ ግራ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ለፈቃድና ለምዝገባ ያስገዛል። ለፈቃድ የሚበቃ መረጃ ግን ለታሪክ አይበቃም። አሮጌ ጠመንጃ ለምዝገባ ሲቀርብ ወይም ሲወረስ፣ ከመቅለጡ በፊት የታሪክ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የቱቦዎቹ የታች ገጽ ፎቶግራፍ፣ የመዝጊያው ፎቶግራፍ፣ መለያ ቁጥሩ፣ ያስረከበው ሰው ስለ አመጣጡ የሚናገረው ቃል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ይህን ለመማር ከአንድ ሳምንት በላይ አይፈጅበትም። ፐርዲ፣ ሆላንድና ሆላንድ፣ ዌስትሊ ሪቻርድስ የመሳሰሉት ቤቶች የጥንት የሽያጭ መዝገቦቻቸውን እስከ ዛሬ ጠብቀዋል። ከአሶሳ የተላከ አንድ መለያ ቁጥር መሣሪያው በየትኛው ዓመት እንደ ተጠናቀቀና በማን ስም እንደ ታዘዘ ሊያስታውቅ ይችላል፤ ቁጥሩ ከቱቦው ጋር ከቀለጠ ግን ከመዝገቡ ውስጥ የትኛው መስመር የአሶሳ እንደ ነበረ የሚለይ አይኖርም።