መሳም ተቆጠረ እንጂ ፍቅር አልተለካም

የቤልጂየሙ ላሪያን ስቱዲዮ «ባልደርስ ጌት 3» የተሰኘው የቪዲዮ ጌሙ አንድ ዓመት የሞላውን እ.ኤ.አ. በ2024 ሲያከብር፣ የመሳም ቆጠራ ይፋ አደረገ። ተጫዋቾች በጌሙ ውስጥ ካሉ የጉዞ ባልደረቦቻቸው ጋር ከ75 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተሳስመዋል። ሻዶውሃርት 27 ሚሊዮን፣ አስታሪዮን 15 ሚሊዮን መሳም ሲደርሳቸው ሚንታራ ያገኘችው ግን 170 ሺህ ገደማ ብቻ ነው።

ከዚህ ቁጥር ተነስቶ «ገጸ ባሕርይ የሚወደደው የፍቅር ታሪክ ሲኖረው ነው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም።

ሻዶውሃርት ገና በጨዋታው መግቢያ ላይ የምትገኝ ባልደረባ ናት። ሚንታራን ከጎን ለማሰለፍ ግን ጌሙ ሲወጣ የነበረው ዋና መንገድ ስደተኞች የተጠለሉበትን ስፍራ ወርሮ ሰው መጨፍጨፍ ነበር። በሩ ላይ የቆመችውንና ከደም ባሕር ማዶ ያለችውን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ «ሕዝቡ መረጠ» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ዊልን እንይ። እሱም እንደ ሌሎቹ የፍቅር ታሪክ አለው፤ ጭፈራም አለው። ነገር ግን ከጌሙ ሙሉ ልቀት በፊት ታሪኩ እንደ አዲስ ተጻፈ፤ ብዙ ተጫዋቾችም ከሌሎቹ ያነሰ ይዘት ደረሰው ብለው ሲያማርሩ ከረሙ። ፍቅር ብቻውን ተወዳጅ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ዊል ወደ ኋላ ባልቀረ ነበር።

አስታሪዮንስ? እሱ የተወደደው ስለሚሳም አይደለም። ለ200 ዓመት የጌታው ባሪያ ሆኖ ገላው ለሌሎች ማጥመጃ የተደረገ ፍጡር ነው። ማባበሉ ራሱ መትረፊያ ዘዴ እንደነበር ሲናዘዝ ነው ተጫዋቹ የሚሸነፈው። ድምፁንና እንቅስቃሴውን የሰጠው ኒል ኒውቦን በ2023 የጌም አዋርድስ የምርጥ ትወና ሽልማትን ሲወስድ የተሸለመው ይህ ሰብዕና ነው።

ጊዜውን ወደ ኋላ ስንመልሰው ማስረጃው ይበልጥ ይጠራል። በ2007ቱ «ማስ ኢፌክት» ውስጥ ጋረስና ታሊ የፍቅር ምርጫ አልነበሩም። ተጫዋቾች ወደዷቸው፤ ፍቅሩ በ2010ሩ ሁለተኛ ክፍል ተከተለ። መውደዱ ቀደመ፣ መሳሙ ኋላ መጣ። የ«ድራገን ኤጁ» ቫሪክ ደግሞ ለተጫዋቹ የፍቅር ምርጫ ሳይሆን በ2011፣ በ2014 እና በ2024 በወጡት ሦስት ጌሞች ተመላልሷል።

እርግጥ ነው፣ የፍቅር ታሪክ ጥቅም አለው። ለገጸ ባሕርዩ ተጨማሪ ትዕይንት፣ ተጨማሪ ንግግር፣ ከተጫዋቹ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት ይሰጠዋል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ተወዳጅነትን የሚያመጣው ጊዜና ትኩረት ነው። ይህንኑ ጊዜ ለወዳጅ፣ ለአዛውንት መካሪ፣ ለተጸጸተ ጠላት መስጠት ይቻላል።

የጸሐፊዎች ሰዓትና የስቱዲዮ ገንዘብ ግን ውስን ነው። መሳም እየተቆጠረ በጀት ከተመደበ፣ ነገ ጓደኛ የሚባል ገጸ ባሕርይ አይኖርም፤ ሁሉም ተራውን የሚጠብቅ አፍቃሪ ይሆናል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ስቱዲዮ ሣሩን አይቶ ገደሉን ካላየው በሬ አይለይም።